ማር ቆራጭ፣ ዛፍ ቆራጭ

ሄሊኮፕተሩ አውርዶን ሲሄድ መጀመሪያ የሚመጣው ዝምታ ነው። ጆሮ ከጩኸቱ እስኪላቀቅ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ የውሃ ጠብታ፣ የቁራ ድምፅ፣ ከገደሉ በታችም የባሕሩ ትንፋሽ ይሰማል። ጉሙ ገና አልተነሣም። ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ቆሞ መጠበቅ ራሱ ሥራ ነው፤ አንድ እጅ የዛፍ ሥር ይይዛል፣ ሌላው እጅ ዕቃ። ከፊታችን ዛፎቹ ቆመዋል። ከመካከላቸው የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሲፈለፈሉ ቡቃያ የነበሩ አሉ። የእኔ የዕለት ሥራ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ የቻልኩትን ያህል ከእነርሱ መውጣት ነው።

ከ2007 እስከ 2011 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ) በካናዳ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የባሕር ዳርቻ፣ መንገድ በማይደርስባቸው ተራሮች ላይ ዛፍ ወጪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራዬን ለአገሬ ሰዎች ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኝ ነበር።

“ዛፍ ነው የምትቆርጠው?” ይሉኛል።

“አይደለም፣ እወጣለሁ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ ሌላ ሰው ይቆርጠዋል።”

“ከዚያስ?”

“ሄሊኮፕተር ይወስደዋል።”

እዚህ ላይ ይስቃሉ። ከቫንኩቨር የሐበሻ ምግብ ቤቶች ውስጥ ስንት ጊዜ በዚህ ሳቅ እንደ ተሸኘሁ አላስታውስም። አባቴ ግን አልሳቀም። ለአባቴ ግን እውነቱን አልነገርኩትም ነበር።

አባቴ በከፋ፣ ከቦንጋ ወዲያ ባለው ደን ማር ቆራጭ ነበር። በአማርኛችን ማር “ይቆረጣል”፤ የሚቆርጠውም ሰው ዛፍ ይወጣል። ቀፎውን በሐረግ ጠምጥሞ፣ በወፍራም ቀረሮ ወይም በጌተም ላይ ከፍ አድርጎ ይሰቅላል፤ ጊዜው ሲደርስ በሌሊት፣ ጭስ ይዞ ይወጣል። ሕፃን ሳለሁ ከሥር ቆሜ ችቦው ሽቅብ ሲሄድ አይ ነበር። እያነሰ፣ እያነሰ ይሄድና ከከዋክብቱ አንዱ ይመስላል። አባቴ ከመውጣቱ በፊት የማይተዋት አንዲት ልማድ ነበረችው፤ ግንዱን በመዳፉ ሦስት ጊዜ ይመታል። “ለምንድን ነው አባዬ?” ብዬ ጠይቄው ነበር። “ላይ ያለው ይስማ ብዬ ነዋ!” አለኝ። “እባብ ይሁን፣ ጉሬዛ ይሁን፣ ወፍ ይሁን፤ ሰው ቤት ሲገባ ያንኳኳል።”

ዛፍ መውጣት ከእርሱ ተማርኩ። ስደት ቫንኩቨር ሲያደርሰኝ በእጄ የነበረው ብቸኛ ሙያ እርሱ ነበር። መጀመሪያ በከተማው ውስጥ የግቢ ዛፍ ከሚከረክሙ ሰዎች ጋር ተቀጠርኩ። እዚያ ሳለሁ አንድ ሰው አወጣጤን አይቶ “ከዚህ ሦስት እጥፍ የሚከፈልበት ቦታ አውቃለሁ” አለኝ። የሦስት እጥፉን ነገር ሰምቶ የሚተኛ ስደተኛ የለም። እናቴ ቤት ክዳኑ ሣር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በገደል ላይ ሃምሳና ስድሳ ሜትር የሚሆን ዛፍ ገንድሰው ቢጥሉት ድንጋይ ላይ ተሰብሮ ዋጋውን ያጣል፤ አለዚያም ተንሸራቶ ወንዝ ውስጥ ይገባል። መንገድ ልቅደድ ቢሉ ዳገቱ ይናዳል። ስለዚህ በ1990ዎቹ በዚያ የባሕር ዳርቻ አንድ ዘዴ ተስፋፋ፤ ዛፉን ሳይጥሉ፣ እንደ ቆመ መውሰድ።

ዛፍ ወጪው ይቀድማል። በጫማው ላይ የብረት እሾህ ታስሯል። በወገቡ ሰፊ መታጠቂያ አለ፤ ከመታጠቂያው የሚነሣው፣ ውስጡ ሽቦ የሆነ ገመድ ግንዱን ዙሮ ያቅፋል። ገመዱን ወደ ላይ ወርወር፣ ሁለት እርምጃ፤ ደግሞ ወርወር፣ ሁለት እርምጃ። የሞተር መጋዙ ከወገቡ በታች ይንጠለጠላል። እየወጣ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ይመለምላል። ላይ ሲደርስ የዛፉን ጫፍ ይቆርጣል። ሲወርድ ከኋላው የሚቀረው ምሰሶ ነው። የምሰሶውንም ክብደት መገመት የእርሱ ፈንታ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሄሊኮፕተር የሚያነሣው ልክ አለው። ኬማክስ የሚሉት ወደ 2.7 ቶን፣ የሩሲያው ካሞቭ 32 ወደ 5 ቶን፣ ስካይክሬን የሚባለው ግዙፉ ደግሞ ወደ 9 ቶን ያነሣል። በመጠን እኩል ቢሆኑም እርጥብ ሄምሎክ ከሴዳር በጣም ይከብዳል። የሄሊኮፕተር አንድ ሰዓት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚበላ ግምቱን የሚስት ዛፍ ወጪ ብዙ አይቆይም።

ከዛፍ ወጪው ቀጥሎ ቆራጩ ይመጣል። ከሥሩ ይቆርጣል፤ ግን አይጨርሰውም። ጥቂት ያልተነካ እንጨትና ሽብልቅ ዛፉን እንደ ቆመ ይዘውት ይቆያሉ። ከዚያ ሰው ሁሉ ይርቃል። ሄሊኮፕተሩ በረጅም ገመድ ጫፍ የተንጠለጠለ የብረት ጥፍር ይዞ ይመጣል፤ የግንዱን ራስ ይጨብጣል፣ ይነቀንቃል፤ ያቺ የቀረችው እንጨት ትሰበራለች። ዛፉም ሳይወድቅ፣ እንደ ቆመ ወደ ሰማይ ይሄዳል። በደቂቃዎች ውስጥ ባሕሩ ላይ ተጥሎ ሄሊኮፕተሩ ለሚቀጥለው ይመለሳል።

“የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል” እንላለን። የእኛዎቹ ዛፎች አልወደቁም። ያ ነበር የሚከብደኝ። ማታ ወደ መሳፈሪያችን ስንሻገር ዞር ብዬ አያቸዋለሁ፤ ቅርንጫፍ የላቸውም፣ ጫፍ የላቸውም፣ ከሥራቸውም ጋር የቀራቸው አራት ጣት ያህል እንጨት ነው፤ ግን ቆመዋል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ደኅና ዛፎች ናቸው። በስደት የኖረ ሰው ይህን አቋቋም ያውቀዋል።

የምናድረው ባሕሩ ላይ በተንሳፈፈ ካምፕ ነበር። ከኩቤክ የመጣ አለ፣ ከኒውዚላንድ የመጣ አለ፣ እዚያው የተወለደ አለ። ጥንዴ ሆኖ አብሮኝ የሚወጣው ከሃያ ዓመት በላይ በዛፍ ላይ የኖረ ሰው ነበር። እንደ ሌሎቹ በስሙ እጠራው ነበር፤ በልቤ ግን “ጋሼ” ነበር የምለው። እርሱ ነው ጫፍ መቁረጥን ያስተማረኝ። ጫፉ ሊሄድ ሲል መጀመሪያ ግንዱን ወደ ራሱ ይጎትተዋል፤ ሲላቀቅ ደግሞ ግንዱ እንደ አለንጋ ወደ ኋላ ይወረወራል፣ አንተም አብረኸው። “ዛፉን አትታገለው፤ እቀፈውና አብረኸው ተወዛወዝ” ይለኝ ነበር። በ2008 መከር ላይ ነፋስ ተነሥቶ መጋዜ ያቀፈኝን ገመድ ሲነካው፣ ከሞት የለየኝ በገመዱ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ያን ቀን ከዛፉ ሥር ቁጭ ብዬ ስንቀጠቀጥ ጋሼ ምንም አላለኝም። ሻይ ቀድቶ አቀበለኝና መጋዙን ወስዶ ሰንሰለቱን ሞረደልኝ።

የዚያ አገር ሴዳር ሲቆረጥ የሚሸተው ሽታ የመጀመሪያ ቀን እንባ አምጥቶብኛል። መጽሐፍ ቅዱሳችን የሊባኖሱን ዛፍ “ዝግባ” ስለሚለው እኔም ሴዳርን ዝግባ እያልኩ ለአባቴ በስልክ እነግረው ነበር። በኋላ ስረዳ የዚያ ባሕር ዳርቻ ቀይ ሴዳር የሊባኖሱም ዘመድ አይደለም፣ የእኛም ዝግባ ዘመድ አይደለም። ቤተሰቡ ከእኛ ጥድ ጋር ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከምናውቀው ጥድ ጋር። አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ አውቆት ኖሯል።

ለአባቴ የነገርኩት ግማሹን ነው። “ደን ውስጥ ነው የምሠራው፣ ዛፍ እወጣለሁ” አልኩት። “ጥሩ ነው ልጄ” አለኝ። “ቀፎ ይሰቅላሉ?” “አይ፣ ለዛፉ ጤንነት ነው።” ይህን ስል ካምፑ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። ማንም አማርኛ የማይሰማበት ቦታ ላይ ድምፄን ዝቅ ማድረጌ ትዝ ይለኛል።

ለራሴ የምነግረው ምክንያት አላጣሁም። ከመንገድ ቀደዳው ይልቅ የእኛ ዘዴ ለመሬቱ ይሻላል፤ ይህ እውነት ነው። አንዱን ወስደን ጎረቤቱን መተው እንችላለን፤ ይህም እውነት ነው። በዚያ አገር ስለ ዛፍ የሚደረገው ክርክር ከእኔ በፊት የነበረ፣ ከእኔም በኋላ የቀጠለ ነው። በ1993 ክሌዮኮት ሳውንድ በሚባለው ቦታ መንገድ ዘግተው ከ800 በላይ ሰዎች ታስረዋል፤ በ2020ና በ2021 ፌሪ ክሪክ ላይ ደግሞ ከ1,100 በላይ። በ2016 ግሬት ቤር በሚሉት ሰፊ ደን ከደኑ 85 በመቶው ከቆረጣ ውጭ እንዲሆን ስምምነት ተደርሷል። እኔ ግን በዚያ ዘመን የእስሩንም የስምምነቱንም ወገን አልነበርኩም። ደመወዝ ተቀባይ ነበርኩ። የእናቴ ቤት በ2009 ቆርቆሮ ለበሰ።

አንዳንድ ሴዳር ላይ ከሥር ጀምሮ ሽቅብ እየጠበበ የሚሄድ ረጅም ጠባሳ አለ። መጀመሪያ መብረቅ የመታው መስሎኝ ነበር። “አትንካው” አለኝ ጋሼ። “የአገሩ ሰዎች ናቸው።” ሃይዳዎች፣ ሄልትሱኮችና ሌሎቹ የዚያ ባሕር ዳርቻ ነባር ሕዝቦች የሴዳርን ልጥ ልጠው ገመድ ይገምዱበታል፣ ምንጣፍና ቆብ ይሠሩበታል። ከግንዱ ዙሪያ አንዱን ወገን ብቻ ስለሚወስዱ ዛፉ ጠባሳውን ይዞ መቶ ዓመታት ይኖራል። ከ1846 በፊት የተላጠ ዛፍ በክፍለ አገሩ ሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው። በዚያ ጠባሳ ላይ መዳፌን ሳሳርፍ አባቴ ትዝ አለኝ። እርሱም ማር ሲቆርጥ ለንቦቹ የሚበቃቸውን ይተው ነበር። ከቀፎው የሚወስደውን ያህል የሚተወውንም የሚያውቅ ሰው ነበር። እኔ ግን እንኳን መተው፣ ማንኳኳቱንም ረስቼው ነበር። ሰዓት ገንዘብ በሆነበት ቦታ ዛፍ የሚያንኳኳ ሰው የለም።

ያ ቀን የመጣው በሐምሌ 2010 ነው። አሮጌ ሄምሎክ ነበር፤ ቅርንጫፎቹ እንደ አልጋ የሰፉ፣ በወፍራም ሽበታ የተሸፈኑ። የታችኞቹን እየመለመልኩ ወደ ሠላሳ አምስት ሜትር ደረስኩ። መጋዙን ለሚቀጥለው ቅርንጫፍ ሳነሣ ሽበታው ተነቃነቀ።

ጫጩት ነበር። ብቻውን፣ ቡናማና ቢጫ ላባው እንደ ጥጥ የተነፋ። ጎጆ የሚባል ነገር የለውም፤ ሽበታው ላይ ጎድጎድ ያለች ቦታ ብቻ፣ ዙሪያዋን በነጭ ኩስ የተከበበች። አልጮኸም፣ አልሸሸም። ዐይኑን ከእኔ ሳይነቅል ዝም አለ።

ማርብልድ መርሌት የሚባለው ወፍ ነው። የባሕር ወፍ ነው፤ ዓሣ አጥምዶ ይኖራል፤ እንቁላሉን ግን ከባሕር ርቆ፣ በጥንታዊ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ፣ በዓመት አንድ ብቻ ይጥላል። በንጋት ጉም ውስጥ ድምፁ ስለሚሰማ የድሮ ዛፍ ቆራጮች “የጉም ወፍ” ይሉት ነበር እንጂ የት እንደሚፈለፍል ሰው አያውቅም ነበር። በሰሜን አሜሪካ ጎጆው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1974 በካሊፎርኒያ ነው፤ ያየውም ሊቅ አልነበረም፣ ዛፍ ወጪ ነበር። ዛሬ በካናዳ ሕግ ለጥፋት ተጋልጠዋል ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ዋናው ምክንያትም የሚፈለፈልበት አሮጌ ደን መቆረጡ ነው። ጫጩቱ መብረር ሲችል ማንም ሳያስተምረው፣ ባየው በማያውቀው አቅጣጫ፣ በአንድ በረራ ወደ ባሕር ይሄዳል።

መጋዙን አጠፋሁ። ወደ ታች ሳይ የመለመልኳቸው ቅርንጫፎች ተከምረዋል። በራዲዮ “ወፍ አለ፤ እወርዳለሁ” አልኩ። ያለፈው ዝምታ ረጅም ነበር። ከዚያ አለቃው “እርግጠኛ ነህ?” አለ። ይህች ጥያቄ ሁለት ትርጉም እንዳላት ሁላችንም ገብቶናል። “እርግጠኛ ነኝ” አልኩ።

ሕጉን ጠበቁ፤ ይህን ልመሰክርላቸው ይገባል። ዛፉና ዙሪያው ሪባን ታሰረበት፤ ሥራው ወደ ሌላ ወገን ዞረ፤ ከቀናት በኋላም ባለሙያዎች መጡ። የእኛ የጥቂት ቀናት ገቢ ግን ቀረ። በካምፑ እራት ላይ ማንም አልሰደበኝም፤ ማንም ጨው አቀብለኝ አላለኝም። ጋሼም ሁለት ቀን አላናገረኝም።

በሦስተኛው ማታ፣ ካምፑ በረንዳ ላይ፣ ውሃውን እያየ “ሃያ ሦስት ዓመት” አለ። ቀጥሎም “ስንቱን ነው ሳላይ ያለፍኩት?” አለ። የተቆጣው እኔን መስሎኝ ነበር።

እኔም መልስ ነበረኝ፤ ግን አልሰጠሁትም። ለማንም ያልሰጠሁትን መልስ አሁን እጽፈዋለሁ። በ2009 በጋ፣ በሌላ ተራራ፣ በሌላ ሄምሎክ ላይ፣ ሽበታው ላይ ነጭ ክብ አይቻለሁ። ኩስ መሆኑን አውቄአለሁ። ወፍ እንደነበረበት ገምቻለሁ። ባዶ መሰለኝ፤ ወይም ባዶ እንዲመስለኝ ፈለግሁ። ቀኑ እየመሸ ነበር፣ የቆርቆሮው ገንዘብ የሚላክበት ሳምንት ነበር። ቅርንጫፉን ቆረጥኩት። ሲወድቅ አላየሁም፤ ፊቴን አዙሬ ነበር። የሐምሌው ጫጩት ላይ መጋዜን ያጠፋሁት ደግ ስለሆንኩ አይደለም። ሁለተኛ ጊዜ ፊቴን ማዞር ስላቃተኝ ነው።

የዳነው ጫጩት ድኖ እንደሆነም አላውቅም። ዛፉን ተውንለት፤ ነገር ግን መጠለያ የነበሩትን የታችኛዎቹን ቅርንጫፎች ቀድሜ ወስጃለሁ፤ ከወዲያ ያለውም ደን ተከፍቷል። ደን ሲከፈት ቁራ ይገባል።

በማግስቱ ዓመት ሥራውን ተውኩ። በዚያው በመጨረሻው ወቅት ግን ከእያንዳንዱ ዛፍ በፊት ግንዱን በመዳፌ ሦስት ጊዜ እመታ ነበር። ጋሼ የመጀመሪያ ቀን አየኝና ቅንድቡን አነሣ። ከሳምንት በኋላ፣ ማንም የማያየው መስሎት፣ እርሱም መታ አድርጎ ወጣ።

በ2014 አገር ቤት ገባሁ። የአባቴ ጉልበት ደክሟል፤ መውጣት ትቷል። አንድ ቀፎ ግን ደን ውስጥ ቀርቶት ነበርና አብረን ሄድን። እኔ ልወጣ፣ እርሱ ከሥር ሊቆም። ወደ ዛፉ ስደርስ ግንዱን መታሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከኋላዬ ሲስቅ ሰማሁት።

ማሩን ይዤ ስወርድ ሥር ላይ ቁጭ ብለን እውነቱን ሁሉ ነገርኩት፤ ምሰሶዎቹን፣ ሄሊኮፕተሩን፣ ወፏን፣ ነጩን ክብም ጭምር። አባቴ ሰው ሲናገር የሚያቋርጥ አይደለም። ስጨርስ የጠየቀኝ ይህን ብቻ ነው።

“ስንት ዛፍ ወጣህ በሰው አገር?”

“አልቆጠርኩም አባዬ።”

“ከወጣኸው ውስጥ ስንቱ ቆሟል?”

ጥቂት አሰብኩ። “አንድ” አልኩት።

ቀና ብሎ የእርሱን ዛፍ አየ። ከዚያ ከማሩ ቆርሶ ሰጠኝ። ነጭ ነበር፤ የጌተም አበባ ማር።

ያ ሄምሎክ አሁንም እዚያ ይኖራል ብዬ አስባለሁ። ከታች እስከ ሠላሳ አምስት ሜትር ድረስ የእኔ መጋዝ እንደመለመለው ራቁቱን ነው፤ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ባሕር ላይ በጀልባ የሚያልፍ ሰው ቢያየው፣ ከሥሩ ጀምሮ ምሰሶ የነበረ ነገር መካከል ላይ ሐሳቡን ለውጦ ዛፍ የሆነ ይመስለዋል።